ለእኔ የተሠራው የጎን ወንበር

ባሌን ሳገባ ጣውንት እንዳለችብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሆስፒታል ድሬሰር ነው፣ እጁ ለበሽተኛ አይከብድም» ብለው መጡ። እናቴ ዘሩን ጠየቀች፣ አባቴ መጠጥ ያበዛ እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ሞተር ብስክሌት የጠየቀ የለም። ማንስ ይጠይቃል?

እሷ ግን ጓዳ ውስጥ በጆንያ ተጠቅልላ ትጠብቀኝ ነበር። ከሠርጉ በኋላ፣ ገና የሙሽርነት እንሶስላዬ ከጣቴ ሳይለቅ፣ እህል መስሎኝ ጆንያውን ብፈታው ዝገት እጄ ላይ ረገፈ። ጣሊያን ከሐረር የወጣ ሰሞን ጥሏት የሄደው ሞተር ብስክሌት ናት። ባሌ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ከኤረር በር ወዲያ ካለ ገደል ውስጥ አግኝቷት ከጓደኞቹ ጋር እየጎተተ አወጣት። ጎማ የላት፣ መሪ የላት፣ የሞተሯ ሆድ ተሰንጥቋል። እኔ ያየሁት ውራጅ ብረት ነው። እሱ ግን ጆንያውን ከእጄ ተቀብሎ መልሶ ሲያስረው እንዴት እንደሚጠነቀቅ አየሁና የዚያን ዕለት ሆዴ ጠረጠረ።

አልተሳሳትኩም። እራቱን በልቶ እጁን እንደታጠበ ፋኖሱን አንሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ብረት ሲያሻሽ እሰማለሁ። የእኔ እግር እንኳ እንደዚያ ታሽቶ አያውቅም። ቀን አዮዲን ሸትቶ ይመጣል፣ ማታ ላምባ ሸትቶ ይተኛል። ታዲያ ያን ሁሉ አደስና ቅቤ የተቀባሁት ለማን ነው?

ደግሞ አይናገርም። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ የነገሩ ሥር እሱ ነውና። «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ይላል። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው «ምንም» ይላል። «ምን እያሰብክ ነው?» ስለውም ያው «ምንም» ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን አያነሣም፣ ደመወዙን አይደብቅም፣ ዘመዶቼን ያከብራል። ብቻ አፉ ለእህል ካልሆነ አይከፈትም። እናቴ «ዝምተኛ ባል በረከት ነው፣ ጯሂውን አግብተሽ ብታይው ኖሮ» እያለች ታጽናናኛለች። እኔም ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀበልኩት። እግዜር ዝምተኛ አድርጎ ከፈጠረው ምን አደርገዋለሁ?

የመጀመሪያ ልጃችን መዳህ በጀመረች ጊዜ አንድ ቀን ጉንጯ አብጦ አየሁና ጣቴን አስገብቼ ብሎን አወጣሁ። ባሌ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ ልውጣ» አልኩት።

ልጅቱን አየ፣ ብሎኑን አየ፣ ብሎኑን ኪሱ ከተተው። በማግስቱ አህዮች ተከራይቶ ጣውንቴን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ጭኖ በሸዋ በር በኩል ጀጎል አስገባት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደሚያውቃቸው የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ግቢ። ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እንደገባች ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል። እኔ እሰይ ብዬ ጓዳውን ጠረግሁና ሽንኩርት ሞላሁበት። ጣውንት ከቤት ስትባረር ሌላ ጎጆ እንደሚቀለስላት የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

ሰውየው ከባሌ በዕድሜ ከፍ ይላሉ። የጀጎል ተወላጅ ሙስሊም ናቸው፣ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው የሞተር ነገር የተማሩ። ቀኑን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሰፊዎቹን መኪና ሲያቃኑ ይውሉና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ግቢያቸው ይገባሉ። ባሌም ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደዚያ ያቀናል።

ሥራ እንዳይመስላችሁ። ፍራሽ ይነጠፋል፣ የሶፊ ጫት ይቀርባል፣ ብረቶቹ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ፣ ከዚያ ወሬ ነው። አንዱን ብሎን አንሥተው ያገላብጡታል፣ ላምባ ይነክሩታል፣ ይሞርዱታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል። የሰላት ሰዓት ሲደርስ እሳቸው ተነሥተው ይሰግዳሉ፣ ባሌ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ወሬ። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፤ የጎደለውን ሁሉ ከሌላ ብረት እየሞረዱ ነው የሚያወጡት። ለአንዲት የካርቡራተር ቁራጭ አንድ ሙሉ ክረምት ሄደ። «መቼ ነው የምታልቀው?» ስላቸው ሰውየው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እህቴ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ለእኔ ግን ሁለቱም አይበጁኝም።

የመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ግቢ የሄድኩት ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ፣ ዘመድ መጥቶበት ልጠራው ነው። ግቢው ከአንዲት ጠባብ መንገድ መጨረሻ ነው፤ መንገዷ በሩ ላይ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት የአንዲት አሮጊት ጎረቤት ግንብ ጥግ ይዛ ትታጠፋለች። መታጠፊያዋ ጋ ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። የሚያምር ሳቅ ነው፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ መጨረሻው ላይ የሚያስለው ዓይነት። እንዲህ የታደለው ማን ይሆን እያልኩ በሩን ገፋሁት። ባሌ ነው። ዘይት በነካ እጁ እንባውን ይጠርጋል።

ልጅ ወልጄለታለሁ፣ ሳቁን ግን አላውቀውም ነበር።

ሲያዩኝ ዝም አሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የሚፈላ ድስት ላይ ክዳን እንደሚደፉት። «ምን ነው የሚያስቃችሁ?» አልኩ ፈገግ ብዬ። እውነቴን ነው፣ ልካፈል ብዬ ነው የጠየቅሁት። ባሌ ቀና ብሎ አየኝና «ምንም» አለ።

ያ «ምንም» ነው አንጀቴን ያሳረረው። ቤቴ ውስጥ የሚሰጠኝ «ምንም» ባዶ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ለካ ሙሉ ነው። ለካ ወሬው ሁሉ እዚህ ይቀዳል፣ እኔ ዘንድ የሚደርሰው አተላው ነው። ደግሞም በእነሱ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፣ ጌይ ሲናን በሚሉት፣ ከተሜዎቹ በቤታቸው በሚነጋገሩበት። ባሌ በልጅነቱ ከጀጎል ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ለምዶታል፤ እኔ ከግንቡ ውጭ ስላደግሁ ከሰላምታ አላልፍም። ቢያሙኝም አላውቅ፣ ቢያመሰግኑኝም አላውቅ።

ባሌን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስናደድ ሄድኩ። በሴት ብቀና ወግ ነው፤ ሄጄ ፀጉሯን እነጫለሁ፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውም ይፈርድልኛል። በሳቅ የቀናች ሴት ለማን ትከሳለች? ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ ባሌ ከሰው ጋር ይስቃል» ልበላቸው? እሳቸውም ይስቁብኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሆዴም አልፈጀውም፣ ለዓመታት ይዞት ኖረ።

ልጃችን በኩፍኝ ታማ ከሞት አፋፍ በተመለሰች ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳልኩ፤ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ገዝቼው ለታኅሣሥ ክብረ በዓል ስዘጋጅ ባሌ፣ ያ አፉ የማይከፈተው ባሌ፣ «ቆይ» አለኝ። «ሞተሯ ስታልቅ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ።»

«ኋላህ ተፈናጥጬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የጎን ወንበር እንሠራልሻለን» አለ። «ከበርሜል ቆርቆሮ፣ ትራስ ያለው። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ጥላሽን ይዘሽ ከጎኔ ትቀመጫለሽ። መንገድ ላይ እናወራለን።»

እናወራለን። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሞተር ላይ ወሬ እንደማይሰማ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም። ተሸነፍኩ። ያን ያህል የጠላኋትን ጣውንት «ባለቀችና ባየኋት» እያልኩ መመኘት ጀመርኩ። እናቴ «ስለት አያድርም፣ በጭነት መኪና ሄደሽ አግቢ» ብትለኝም አልሰማኋትም። ጥላው የመኝታ ቤቱ ጥግ ቆመ። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር የጎረቤት ሴቶች በጭነት መኪና ላይ ተደራርበው ሲሄዱ በራፌ ላይ ያልፋሉ፤ «ሞተራችሁ ዘንድሮም አልወለደችም?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ የጥላውን አቧራ አራግፌ መልሼ አቆመዋለሁ። ልቤ ግን ያችን ወንበር ይዞ ቀረ። በእሷ ላይ የተቀመጥኩ ቀን ሳቁም ቃሉም የእኔ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

የወንበሩ ሥራ ሲጀመር ለልክ እየተባለ ወደ ግቢው መመላለስ ጀመርኩ። የሰውየውን ባለቤት ያኔ ነው በደንብ ያየኋት። እኩያዬ ናት። ከፍ ያለው መደብ ላይ ተቀምጣ ስፌቷን ትሰፋለች። በየቀኑ ባሌን ታየዋለች፣ ሳቁን ትሰማዋለች፣ የሚያወራውንም ታውቀዋለች። በእሷም ቀናሁ፤ ምን ይደረግ፣ ቅናት አንዴ ከገባ ወሰን የለውም። ፊቴን አጥቁሬ ሰላም ብላት ስፌቷን አስቀምጣ ጠጋ አለችኝ።

«እህቴ፣ ወላሂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ በአማርኛ። «ባልሽን ምን ብታደርጊው ነው ቤቱን ጠልቶ እዚህ የሚውለው? ባሌን እኮ ወሰደብኝ።»

እሷ ቀጠለች። ግቢው መሐል ያለችውን ሮማኗን አሳየችኝ፤ ሥሯ ላይ ዘይት እየፈሰሰባት ፍሬ መስጠት ትታለች። የጓዳ በሯን አሳየችኝ፤ ማጠፊያው ተነቅሎ በገመድ ታስሯል፤ የከተማውን መኪና ሁሉ የሚያቃኑ ባል እያሏት። «ከባልሽ ጋር ሲሆን እንደ ልጅ ይስቃል፣ ከእኔ ጋር ሲሆን ጥርሱን ያመዋል» አለች። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ወንዶቹ ከብረታቸው ቀና ብለው አዩንና ተመልሰው አቀረቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ጊደር መጋላ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በእሷ በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ። እናቴ ይህንንም አልወደደችውም፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችብኝ፣ ባሌን ልመልስ ሄጄ እኔም እዚያ መቅረቴ ነው። የወንበሩን ትራስ የሰፋችው እሷ ናት፤ በቀይና በአረንጓዴ ጨርቅ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ትራስ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወገብሽን እንዳያምሽ» እያለች ጥጥ ጨመረችበት።

በመጨረሻ አለቀች። ሞተሯ ግቢው ውስጥ ሲነሣ ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ፣ ባሌ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እንባ እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለተኛዋን ልጃችንን ስወልድ ፊቱን ያዞረ አይመስለኝም። የቀረው ወንበሩን ከእሷ ጋር ማገጣጠም ነበር። ሰውየው «ብሎን ይላላል፣ ብየዳ አይላላም» ብለው ከጋራዥ የብየዳ ዕቃ በአህያ አስጭነው አመጡና ወንበሩን ከጎኗ በየዱት።

«በዚያች መንገድ ታልፋለች?» አልኩ እኔ። አዎ፣ እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

የጀጎል ሰው መንገድ በክንድ አይለካም፣ በአህያ ነው የሚለካው። ጭነት የያዘች አህያ ካለፈችበት መንገድ ነው፣ ካላለፈችበት ግድግዳ ነው። ቤት ሲሠሩም፣ በር ሲያወጡም ልኩ እሷ ናት። ሰውየው በየማለዳው እንጨት ጭና እግቢያቸው ድረስ የምትገባውን አህያ ከነጭነቷ አስቆሙና ጭነቷን ከጎን እስከ ጎን በገመድ ለኩት። ከዚያ ገመዱን ሞተሯና ወንበሩ ላይ ዘረጉት። የአህያዋ ጭነት ይበልጣል። «አልሃምዱሊላህ፣ ገና ይተርፈናል» አሉ። ባሌም፣ ቁስል ለክቶ ፋሻ የሚቆርጠው ባሌ፣ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የምትወጣበት ቀን ኅዳር ውስጥ ነው፤ ለቁልቢ ገና ብዙ ቀን ነበረ። ለሙከራ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ደርሰን ልንመለስ ነው። እኔ የጥበብ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጥላውን ይዤ መጣሁ። ለሙከራ ጥላ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ ሕዝብ ይየኝ ብዬ ነው። ስንት ታኅሣሥ የተቀለደብኝ ሴት ነኝ። ባሌ እጄን ይዞ ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ። ትራሱ ይመቻል። ሞተሯን ሳያስነሡ እየገፉ በሩን አሳለፉን፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ሰውየው «ቢስሚላህ» አሉ። ባሌ ከጎኔ ነው፣ መሪውን ይዟል፣ ቁልቁል እያየኝ ፈገግ ይላል። ያችን ፈገግታ እስካሁን አልጣልኳትም።

ከዚያ መታጠፊያዋ ደረሰች።

አህያ ስትታጠፍ ወገቧን ትሰብራለች። ጭነቷም እንጨት ነው፣ ግንቡን እየፋቀ ይጎብጣል፣ ያልፋል። ጣውንቴ ወገብ የላትም። የፊት ጎማዋ ከታጠፈ በኋላ ወንበሩ የአሮጊቷ ግንብ ጥግ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ወደፊት ቢሏት አትሄድም፣ ወደኋላም አትመለስም። በእኔ በኩል ግንብ፣ በባሌ በኩል ግንብ፣ እኔ መሐል ላይ ጥላዬን አቅፌ እንደ ታቦት ተቀምጬ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት መንገድ ስታጣ ቅርጫቷን ለሰው አቀብላ፣ ይቅርታ ጠይቃኝ፣ በጉልበቴ ላይ ተሻገረች። ሕዝቡ «መታጠፊያውን ነበር መለካት» ማለት ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በስንት መከራ ወደኋላ ስበው ግቢው ውስጥ መለሱን። ጎረቤቲቱ አሮጊት በበትራቸው እየተደገፉ መጡ፤ የግንባቸውን ጥግ አዩ፣ እኔን አዩ። «ጥጉን አፍርሱት» አሉ። «ግንበኛ በሳምንቱ ይመጣልኛል፣ መልሶ ይክበዋል። ይቺ ልጅ እንዲህ አጊጣ አትቅር።»

ሰው ሁሉ «አላህ ይስጥልን» አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ሳምንት ምንድን ነው? ያን ሁሉ ክረምት ብሎን ሲሞርድ የኖረ ሰው፣ ለአንዲት የካርቡራተር ቁራጭ ወራት የጠበቀ ሰው፣ ለእኔ ወንበር ሳምንት መጠበቅ ያቅተዋል? ባሌን አየሁት። እሱ የሚያየው ሞተሯን ነው። እጁ መሪዋ ላይ ነው፣ አይለቃትም።

«ዛሬ ትውጣ» አለ።

«ወንድሜ፣ ሳምንት እኮ ናት» አሉት ሰውየው ራሳቸው።

«አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ልያት» አለና የብረት መጋዙን አነሣ። ገና ወንበሩ ላይ ነበርኩ። «ውረጅ» አላለኝም፣ ብቻ ተንበርክኮ እስክወርድ ጠበቀ። ወረድኩ። ብየዳው የያዘባቸውን ብረቶች አንድ ባንድ ቆረጣቸው፤ ጩኸቱ ጥርሴን አነቃነቀው። የመጨረሻው ሲለቅ ወንበሩ በአንድ ጎኑ ተደፋ፣ ትራሱ አፈር ላይ ወደቀ። ባለቤታቸው ሄዳ አነሣችውና አራገፈችው። እጁ ሲያመነታ ባይ ኖሮ፣ ወላዲተ አምላክን፣ ይቅር እለው ነበር። አላመነታም።

ላቡን ጠርጎ ዞረና «ነይ፣ ኋላ ተቀመጪ» አለኝ።

«የተሠራልኝ ወንበር አለ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረ። እሳቸው እያፈሩ፣ «እህቴ፣ ኢንሻ አላህ መልሰን እናበጀዋለን» እያሉኝ ከኋላው ወጡ። ያችን መታጠፊያ እንደ ውሃ አለፏት። ድምጿ እስከ ፈረስ መጋላ ተሰማን፣ ከዚያ ወደ ሸዋ በር፣ ከዚያ ጠፋ። ሕዝቡም ተከትሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ እኔና ባለቤታቸው ከዶሮዎቹ ጋር ቀረን። ማታ ጀንበር ስትገባ ነው የተመለሱት፤ በድሬዳዋ መንገድ ርቀው ሄደው ኖሮ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ከመታጠፊያዋ ወዲያ ሆኖ ያ ሳቅ እንደገና ተሰማኝ። ያን ዕለት ቤታችን ገብተን ምን እንደተባባልን ልንገራችሁ? ምንም።

በዚያው ታኅሣሥ በጭነት መኪና፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተደራርቤ ሄጄ ስለቴን አገባሁ። ጥላውን ስሰጥ ዘርፉ ከቆመበት ጥግ ላይ ደብዝዞ ነበር። መልአኩ ይቅር ይበለኝ እንጂ ከልቤ ሳይሆን ከንዴቴ ነው የሰጠሁት።

ግንበኛው መጥቶ የአሮጊቷን ሌላ ግድግዳ ጠግኖ ሄደ። ስለ ጥጉ የጠየቀው ሰው የለም። ወንበሩ «ይበየዳል» እየተባለ ሮማኗ ሥር ቀረ። አንዲት ዶሮ ገብታ ጣለችበት። ባለቤታቸው ዶሮዋን ከማባረር ይልቅ ትራሱን ለእኔ ደብቃ አኖረችልኝ፤ ስመጣ ዶሮዋን እሽ ብላ ታስወጣና ትራሱን ታነጥፍልኛለች። ወንበሬ ነውና እዚያ ላይ እቀመጣለሁ። አንዲት ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ስንት ነገር አየሁበት። ስፌት መስፋት አስተማረችኝ፤ እጄ ባይሰላም አስተማረችኝ። ቋንቋቸውንም በዚያው ወንበር ላይ ነው የለመድኩት፤ መጀመሪያ የዕቃውን ስም፣ ቀጥሎ ስድቡን፣ ከዚያ ወሬውን። ሞተሯ ከወጣች ወዲህ ዘይት ስለቀረላት ሮማኗ እንደገና አፈራች። ባሌ ግን ከጣውንቴ ጋር ነው፤ ሥራ በእሷ ይሄዳል፣ በእሷ ይመለሳል፣ ማታም ፋኖስ ይዞ ይወለውላታል። በራፋችን ላይ ቆማ ድምጿ በጠፋ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። ቅናት በጊዜ ይሞታል የሚል ሰው ካለ ቤቴ ወስጄ ላሳየው እችላለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው አንዲት የጊደር መጋላ ቅቤ ሻጭ ከእሷ ጋር እንዴት እንደተከራከረች በድምፅም በእጅም እየቀዳች ታሳየኛለች። እኔ ደግሞ እየመለስኩላት ገዢዋን እሆናለሁ፣ በቋንቋቸው። ሳቃችን ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። ከወንበሬ ላይ ልወድቅ ደረስኩ፣ እሷ መደቡን ትደበድባለች። በሩ ሲከፈት አልሰማንም። ባሌ ነው፤ ሰውየውን ሊወስዳቸው መጥቶ ሞተሩን መንገድ ላይ አቁሞ ገብቷል።

ዝም አልን። ተንኮል አልነበረም፣ ተነጋግረንም አይደለም። ሳቅ የሁለት ሰው ሲሆን ሦስተኛ ሲመጣበት እንዲያው ይደነግጣል። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ አየ። «ምን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ።

«ምንም» አልኩት።

ፊቱን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዓመታት ለብሼዋለሁ። ፈገግታው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ፊቱ ላይ ቀረ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንበሩን አየ፤ ራሱ የቆረጣቸው ብረቶች ዝገው ከጎኑ ተገትረዋል። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ሰውየው እቤት እንደሌሉ ነገርነውና ወጣ። ሞተሯ ትነሣለች ብለን ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። አልተነሣችም። ባለቤታቸው እስከ መታጠፊያዋ ሄዳ አየችና ተመልሳ «እየገፋት ነው የሄደው» አለችኝ።

ማታ እራት በላ፣ እጁን ታጠበ። ፋኖሱን አላነሣም። ተቀመጠ። «ምን ነበር ቅድም የሚያስቃችሁ?» አለ፣ ወለሉን እያየ። ከተጋባን ጀምሮ እኔ እንጂ እሱ ጠያቂ ሆኖ አያውቅም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ስለ ቅቤ ሻጯ ነው ልለው ነው፤ ስለ አንተ አንዲት ቃል አልተነፈስንም ልለው ነው። እዚያ ላይ ነገሩ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት እነሱም ስለ እኔ አያወሩም ነበር። ክፉም አላሉኝ፣ ደግም አላሉኝ፤ ስሳቀቅበት የኖርኩት ሳቅ ውስጥ እኔ ጭራሽ አልነበርኩም። ቢያሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱ መልስ እየጠበቀ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ልክ እኔ በዚያ በጀጎሉ ግቢ በር ላይ ቆሜ እንዳየሁት።

«ምንም» አልኩትና ሰሐኑን አነሣሁ።

በማግስቱም ጠየቀኝ።